ጥልቀቱ ኋላ ይደርሳል፦ ከጣና ዳር ወደ ቴክኒካል ዳይቪንግ

ጅቡቲ ወይም ግብፅ ሄደው ስኩባ ዳይቪንግ (አየር በሲሊንደር ይዞ ውኃ ውስጥ መጥለቅ) ተምረው ወደ ባሕር ዳር የተመለሱ ልጆች ሲያገኙኝ ጥያቄያቸው አንድ ነው። «ከዚህ በኋላስ?» ይላሉ። ብዙዎቹ ይህን ሲጠይቁ በልባቸው ያለው ዘንገና ነው። እንጅባራ አካባቢ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚመጣው መንገድ አጠገብ ያለው ያ ክብ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ከመቶ ሜትር በላይ ይጠልቃል። ዳሩ ላይ ቆሞ ያየው ጠላቂ ሁሉ «ታቹ ምን ይመስል ይሆን?» ማለቱ አይቀርም።

ጉጉቱ ይገባኛል። መልሴ ግን ሁሌም አንድ ነው። ቴክኒካል ዳይቪንግ፣ ማለትም ከተለመደው የመዝናኛ ዳይቪንግ ወሰን ያለፈው መጥለቅ፣ ከጥልቀት አይጀመርም። ከፍታን ከማወቅ፣ ትንፋሽን ከመቁጠርና ውኃ ውስጥ ሳይወዛወዙ መቆም ከመቻል ይጀመራል። ሦስቱንም እዚሁ ጎጃም ሆናችሁ መጀመር ትችላላችሁ። ጣና በጣም ጠለቀ በሚባለው ቦታው 14 ሜትር ገደማ ነው። ለዚህ ሥራ ይበቃል፣ ይተርፋልም።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልበል። ይህ መመሪያ ኮርስን አይተካም። እዚህ ያነበባችሁትን ይዛችሁ ከ40 ሜትር በታች እንዳትወርዱ። ኮርስ ከመክፈላችሁ በፊት ምን ላይ መሥራት እንዳለባችሁ ለማሳየት ነው የጻፍኩት።

ልዩነቱ የቱ ላይ ነው?

የመዝናኛ ዳይቪንግ ሁለት ጠባቂዎች አሉት። አንዱ የ40 ሜትር ወሰን ነው። ሌላው፣ ችግር ቢገጥማችሁ በማንኛውም ደቂቃ ቀስ ብላችሁ ቀጥታ ወደ ላይ መውጣት መቻላችሁ ነው። 5 ሜትር ላይ 3 ደቂቃ የምትቆሙት ለጥንቃቄ እንጂ ግዴታ ሆኖ አይደለም።

ቴክኒካል ዳይቪንግ ላይ ሁለተኛው ጠባቂ የለም። ጥልቅ ውኃ ውስጥ ስትቆዩ ናይትሮጅን ደማችሁና ሥጋችሁ ውስጥ ይገባል። መጠኑ ካለፈና ቀጥ ብላችሁ ከወጣችሁ አረፋ ሆኖ ይጎዳችኋል። ስለዚህ በየደረጃው እየቆማችሁ ማስወጣት ግዴታ ይሆናል። ዲኮምፕሬሽን የሚባለው ይህ ነው፤ ጠላቂዎች ሲያሳጥሩት ዲኮ ይሉታል። ከራሳችሁ በላይ የማይታይ ጣሪያ አለ ማለት ነው። ዋሻ ወይም የሰመጠ መርከብ ውስጥ የገባ ሰው ደግሞ ጣሪያውን በዓይኑ ያየዋል።

ሬጉሌተር (ከሲሊንደሩ አየር ወደ አፍ የሚያመጣው መሣሪያ) ቢበላሽ፣ ማስክ ቢጠፋ፣ ጓደኛችሁ ጋዝ (ከሲሊንደሩ የሚተነፍሰው) ቢያልቅበት፣ ችግሩን የምትፈቱት እዚያው ታች ሆናችሁ ነው። መሣሪያው ሁሉ ጥንድ ጥንድ የሚሆነው፣ ልምምዱ ሁሉ አሰልቺ እስኪሆን የሚደጋገመው ለዚህ ነው።

ደረጃ 1፦ ያላችሁበትን ከፍታ እወቁ

ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ ይህን ሞክሩት። ደጀን ላይ የባዶ ውኃ ፕላስቲክ ክዳን አጥብቃችሁ ዝጉ። ድልድዩ ጋ ስትደርሱ ፕላስቲኩ ተጨማዶ ታገኙታላችሁ። የእናንተም ጆሮ መንገድ ላይ ይደፈናል። የአየሩ ግፊት ሲጨምር ነው ይህ የሚሆነው። ወደ ጎኃ ጽዮን ስትወጡ ፕላስቲኩ ይመለሳል።

ይህ ነገር ለጎጃም ጠላቂ ተራ ነገር አይደለም። በባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት 1 ባር ገደማ ነው፤ ባር የግፊት መለኪያ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች ግፊቱ ወደ 0.82 ባር ይወርዳል። ዘንገና 2,500 ሜትር አካባቢ ነው፤ እዚያ 0.75 ባር ቢሆን ነው። ባሕር ላይ ግፊቱ እጥፍ እንዲሆን 10 ሜትር መውረድ አለባችሁ። ጣና ላይ 8 ሜትር ከትንሽ ይበቃል። ዘንገና ላይ 7 ሜትር ተኩል ገደማ ነው።

አደጋው የሚመጣው ስትወጡ ነው። ሰውነታችሁ የሚወጣው ወደ ሳሳ አየር ነው። ያው ናይትሮጅን ከባሕር ዳርቻ ይልቅ እዚህ አረፋ መሆን ይቀለዋል። ስለዚህ ከ300 ሜትር ከፍታ በላይ ሲጠለቅ በስንት ሜትር ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ የሚያሳየው የዳይቪንግ ሠንጠረዥ ይስተካከላል። ጣና ላይ 14 ሜትር የወረደ ሰው ባሕር ላይ 17 ሜትር እንደወረደ ተደርጎ ይቆጠራል። ዘንገና ላይ 30 ሜትር ስትወርዱ ደግሞ ሂሳቡ ወደ 40 ሜትር ይጠጋል። «30 ሜትር ብቻ ነው የምወርደው» ብሎ የገባ ጠላቂ፣ ሰውነቱ ግን የመዝናኛ ዳይቪንግ ወሰን ጫፍ ላይ ቆሟል። ዘንገናን ለመጀመሪያ አትምረጡት የምለው በዚህ ምክንያት ነው። ቀዝቃዛ ነው፣ ከፍታ ላይ ነው፣ ዳሩ ወዲያው ገደል ነው። ልምድ ካለው ቡድንና ከሙሉ ዝግጅት ጋር የሚገባበት ውኃ ነው።

በተግባር እንዲህ አድርጉ። የዳይቭ ኮምፒውተራችሁን (ጥልቀቱንና ጊዜውን እየቆጠረ አወጣጣችሁን የሚያሰላውን) ማኑዋል አውጡና ስለ ከፍታ የሚለውን ገጽ አንብቡ። አንዳንዱ ራሱ ይለካል፣ አንዳንዱ ደግሞ በእጅ ይሞላል። ራሱ የሚለካውንም ውኃው ዳር አብሩት፤ ግፊቱን አንብቦ ይጨርስ። የውኃውን ዓይነት ከጨው ወደ ጣፋጭ ቀይሩ። ከዚያ ሁለተኛ ኮምፒውተር ካላችሁ እሱንም አንድ ዓይነት አድርጉት።

የዙሪኩ ሐኪም አልበርት ቡልማን የስዊዘርላንድ ተራራ ሐይቆች ውስጥ የሚጠልቁ ሰዎችን ችግር ይዞ ነበር ብዙ የሠራው። ዛሬ በርካታ ኮምፒውተሮች የሚጠቀሙበት ዜድኤችኤል-16 የተባለው የሂሳብ ሞዴል የእሱ ሥራ ነው። እና ከፍታ ላይ ለሚኖር ሰው ይህ ሞዴል ባዕድ አይደለም። መነሻው ላይ የእኛ ዓይነት ሐይቅ አለበት።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ባሕር ዳር የሚኖር ሰው ሰውነቱ ከዚህ አየር ጋር ተስማምቷል። ከጅቡቲ ትናንት ማታ የገባ ጓደኛችሁ ግን ገና ከባሕር ጠለል ይዞት የመጣው ትርፍ ናይትሮጅን አለበት። ገና አንድ ጊዜ ጠልቆ እንደወጣ ሰው ቁጠሩት። አንድ ቀን ይረፍ፤ ቡናውን ይጠጣ፣ ከተማውን ይይ። ጠዋት ተነስታችሁ ውኃ ውስጥ አትክተቱት።

ደረጃ 2፦ ትንፋሻችሁን ቁጠሩ

አብዛኛው የመዝናኛ ጠላቂ ስንት ሊትር እንደሚተነፍስ አያውቅም። የሲሊንደሩን ግፊት የሚያሳየው ጌጅ 50 ባር ሲል ይወጣል፣ አለቀ። ቴክኒካል ላይ ግን ከዚህ ቁጥር ውጭ ምንም ዕቅድ የለም።

አለካኩ ቀላል ነው። ጣና ላይ 8 ሜትር ውረዱ። እዚያ ጥልቀት ላይ ጠቅላላ ግፊቱ 1.6 ባር ገደማ ነው። ጌጁን አንብቡ። ለ10 ደቂቃ ዝግ ብላችሁ ዋኙ፣ ጥልቀቱን አትልቀቁ። እንደገና አንብቡ። በ12 ሊትር ሲሊንደር ከ180 ወደ 153 ባር ብትወርዱ 27 ባር ተጠቅማችኋል። 27 ሲባዛ በ12፣ 324 ሊትር ይሆናል። ለ10 ደቂቃ ስታካፍሉት 32.4። ለ1.6 ስታካፍሉት ደግሞ 20 ሊትር በደቂቃ። ይህ ቁጥር የእናንተ ነው። በተለያየ ቀን፣ ሲበርዳችሁም፣ ሲደክማችሁም ደጋግማችሁ ለኩት። ይለዋወጣል፤ መለዋወጡን ማወቅም ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ይህን ቁጥር ይዘን ቀይ ባሕር እንውረድ። 40 ሜትር ላይ ግፊቱ 5 ባር ነው። 20 ሊትር የምትተነፍሱት ሰዎች እዚያ በደቂቃ 100 ሊትር ትጨርሳላችሁ። አንድ ባለ 12 ሊትር ሲሊንደር 200 ባር ሲሞላ 2,400 ሊትር ይይዛል። «24 ደቂቃ!» ትሉ ይሆናል። ቆዩ።

ታች ሳላችሁ ጓደኛችሁ ጋዝ ቢያልቅበትስ? ሁለታችሁም ከእናንተ ሲሊንደር ትተነፍሳላችሁ። ሁለታችሁም ደንግጣችኋል፣ ስለዚህ ለእያንዳንዳችሁ 30 ሊትር ያዙ፤ ሁለት ላይ 60። ችግሩን ለማስተካከል 1 ደቂቃ እዚያው 40 ሜትር ላይ፦ 60 ሲባዛ በ5፣ 300 ሊትር። ወደ ላይ ለመውጣት 5 ደቂቃ፣ አማካይ ግፊቱ 3 ባር፦ 900 ሊትር። 5 ሜትር ላይ ለ3 ደቂቃ ማቆሚያ፦ 270 ሊትር። ድምሩ 1,470 ሊትር። በባለ 12 ሊትር ሲሊንደር ይህ 122 ባር ያህል ነው።

ከ200 ባር 122ቱ የእናንተ አይደለም ማለት ነው። የሁለታችሁ ሕይወት ማስያዣ ነው። የሚቀራችሁ 78 ባር፣ ወደ 940 ሊትር ነው። መውረጃውን ጨምሮ 9 ደቂቃ! በአንድ ሲሊንደር 40 ሜትር ወርዶ 50 ባር ሲቀረው የሚነሳ ሰው ጓደኛው ጋዝ ባለቀበት ቀን ምን እንደሚያደርግ ዕቅድ የለውም። አሁን ያንኑ ሂሳብ በሁለት ባለ 12 ሊትር ሲሊንደር ሥሩት። ማስያዣው ወደ 61 ባር ይወርዳል። 139 ባር ይቀራችኋል፤ ከ3,300 ሊትር በላይ ማለት ነው። ጥንድ ሲሊንደር የሚያዘው ለምን እንደሆነ ይህ ሂሳብ ብቻውን ይናገራል።

ይህን በወረቀት ደጋግማችሁ ሥሩ። በተለያየ ጥልቀት፣ በተለያየ ሲሊንደር። ካልኩሌተር ሳትይዙ በግምት እስክትመልሱት ድረስ። ገንዘብ አያስወጣም፣ ቦታ አይጠይቅም፣ ማንም ጠላቂ ዛሬ ማታ ሊጀምረው ይችላል።

ደረጃ 3፦ ጣና ላይ እጃችሁን አፍታቱ

ጣና የደፈረሰ ውኃ ነው። ታች ያለው ጭቃ ፊን (እግር ላይ የሚጠለቀው መቅዘፊያ) ሲነካው ተነስቶ እጃችሁን እንኳ አያሳያችሁም። ይህን እንደ ጉድለት የሚያዩት አሉ። እኔ እንደ አስተማሪ ነው የማየው። ቀይ ባሕር ላይ የፊን አመታታችሁ መጥፎ ቢሆን ማንም አያውቅባችሁም፤ እዚህ ግን ውኃው ወዲያው ይነግራችኋል።

ከመግባታችሁ በፊት ጥቂት ነገር። የታንኳ ሰዎችንና ዓሣ አጥማጆችን ጠይቁ። ጉማሬ የት እንደሚውል፣ መረብ የት እንደተዘረጋ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ስላለ እዚያ አትግቡ። ጠዋት ሥሩ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ ያስቸግራል። እምቦጭ ያለበትን ዳርም ተዉት። ብልሃርዚያ አለና ሰውነታችሁን በሙሉ የሚሸፍን ልብስ ልበሱ፣ በየጊዜውም ጤና ተቋም ሄዳችሁ ተመርመሩ። ላይ ጀልባ ላይ የሚጠብቃችሁ ሰው ይኑር።

መጀመሪያ ክብደት። ጣፋጭ ውኃ ከቀይ ባሕር ይቀላል። እናንተና መሣሪያችሁ ተደምሮ 100 ኪሎ ብትሆኑ፣ ከባሕሩ ወደ 3 ኪሎ ያህል ያነሰ እርሳስ ነው የሚያስፈልጋችሁ። ሌላም አለ። ጥንድ ባለ 12 ሊትር ሲሊንደር በ200 ባር ሲሞላ ውስጡ ያለው አየር ብቻ ወደ 5.8 ኪሎ ይመዝናል። ሲያልቅ ያን ያህል ትቀላላችሁ። ስለዚህ ክብደታችሁን የምትፈትሹት ሲሊንደሩ ሊያልቅ ሲል ነው። 40 ባር ገደማ ሲቀር፣ 3 ሜትር ላይ ዊንጉን (ጀርባ ላይ ያለውን፣ አየር እየተሞላ የሚያንሳፍፈውን ከረጢት) ባዶ አድርጋችሁ ቁሙ። ወደ ላይ ካልሸሻችሁ ልክ ናችሁ።

ከዚያ መቆም። 5 ሜትር ላይ ሆዳችሁን ወደ ታች አድርጋችሁ፣ ጉልበታችሁን አጥፋችሁ፣ ቀና ብላችሁ ቁሙ። እጅ አይንቀሳቀስ፣ ፊንም አይንቀሳቀስ። ከግማሽ ሜትር በላይ አትውጡ፣ አትውረዱ። 1 ደቂቃ ሲሆንላችሁ ወደ 5፣ ከዚያ ወደ 15 አሳድጉት። ከዲኮ ማቆሚያ በላይ ብትወጡ አረፋ ነው የሚጠብቃችሁ፣ ስለዚህ ይህን እንደ ትንሽ ነገር አትዩት።

መቆሙ ሲረጋጋ ሥራ ጨምሩበት። አንድ በአንድ። ማስክ አውልቃችሁ መልሱ። ጓደኛችሁ ጋዝ እንዳለቀበት ምልክት ያሳይ፣ የምትተነፍሱበትን ሬጉሌተር ከአፋችሁ አውጥታችሁ ስጡት፣ አንገታችሁ ላይ ያለውን ውሰዱ፣ አብራችሁ ዋኙ። ያላችሁበትን ለጀልባው የሚያሳየውን የምልክት ፊኛ በገመዱ ወደ ላይ ልቀቁ። ጥንድ ሲሊንደር ካላችሁ ከኋላ ያሉትን ቫልቮች በእጃችሁ ደርሳችሁ ዝጉ፣ ክፈቱ። ይህ ሁሉ ሲሠራ ጥልቀታችሁ ያው 5 ሜትር ይሁን። ብዙ ሰው ሥራውን ይሠራል፣ ግን ሲጨርስ ወይ 3 ሜትር ላይ ነው ወይ ጭቃው ውስጥ። ያ አልተሳካም፣ እንደገና።

አዋዋኝንም ቀይሩ። ፊንን ወደ ላይና ወደ ታች መምታት ጭቃውን ያነሳዋል። ጉልበት አጥፎ እግርን ወደ ጎን እየከፈቱ መግፋት፣ የእንቁራሪት ዓይነት የሚባለው፣ ጭቃውን አይነካም። ወደ ኋላ መሄድና ባሉበት መዞርም አለ። እነዚህን የሚያውቅ ሰው ካለ ቪዲዮ ይቅረጻችሁ። ራሳችሁን ስታዩ ወዲያው ይገባችኋል።

ደረጃ 4፦ ዕቃ፣ ግን ቸኩላችሁ አትግዙ

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ኮርሱን የሚሰጣችሁን ሰው ሳታገኙ ዕቃ አትሰብስቡ፤ አሠራሩ ከአስተማሪ አስተማሪ ይለያያል። አጠቃላይ ሐሳቡ ግን ይህ ነው። የመዝናኛ ጠላቂ የሚለብሰው ማንሳፈፊያ ጃኬት (ቢሲዲ) ቀርቶ የብረት ጀርባ ሰሌዳና ዊንግ ይመጣል። ሲሊንደር ጥንድ ሆኖ ጀርባ ላይ፣ መሐላቸው መዝጊያ ባለው ቧንቧ ተገናኝቶ፤ ወይም በጎንና በጎን። ሁለት ሙሉ ሬጉሌተር። አንዱ ላይ 2.1 ሜትር ያህል የሚረዝም ጎማ፣ ለጓደኛ የሚሰጠው እሱ ነው። ሁለት ኮምፒውተር። ሁለት መቁረጫ፣ ጣና ላይ መረብ ስላለ ይህን ከዛሬ ጀምሩ። ትርፍ ማስክ፣ መብራት፣ የምልክት ፊኛ ከነገመዱ፣ ውኃ ውስጥ የሚጻፍበት ሰሌዳ።

ከእነዚህ ውስጥ አሁኑኑ የምትገዙት ካለ ፊኛውና መቁረጫው ነው። ሌላው ይቆይ።

ደረጃ 5፦ የጋዝን ጠባይ እወቁ

አየር 21 በመቶ ኦክስጅን፣ ቀሪው ማለት ይቻላል ናይትሮጅን ነው። ከ30 ሜትር ገደማ ጀምሮ ናይትሮጅን እንደ መጠጥ ያሰክራል። ሰውየው ራሱ አይታወቀውም፤ አደጋውም እሱ ነው። ጥልቅ ለሚሄዱት ሂሊየም የሚቀላቀለው ለዚህ ነው፣ ቅልቅሉም ትራይሚክስ ይባላል። ሂሊየም ቀላል ስለሆነ ታች ላይ መተንፈሱም ያን ያህል አይከብድም። ችግሩ ዋጋው ውድ መሆኑ ነው።

ኦክስጅን ደግሞ በሌላ በኩል ይመጣል። የኦክስጅን ግፊት (ከጠቅላላው ግፊት የኦክስጅኑ ድርሻ) ሲበዛ ያንቀጠቅጣል፣ ራስን ያስታል። ውኃ ውስጥ ራሱን የሳተ ሰው ሬጉሌተሩ ከአፉ ይወጣል፣ ይሰምጣል። ስለዚህ ወሰን አለ። ስትሠሩ 1.4 ባር፣ ዲኮ ላይ ዝም ብላችሁ ስትቆሙ ቢበዛ 1.6። 32 በመቶ ናይትሮክስ (ኦክስጅን የተጨመረበት አየር) በ1.4 ወሰን እስከ 33 ሜትር ገደማ ይወስዳል። ዲኮ ላይ የሚተነፈሰው 50 በመቶ ከ21 ሜትር በታች አይነካም። ንጹሕ ኦክስጅን ከ6 ሜትር በታች አይነካም።

ያንን 50 በመቶ በስህተት 40 ሜትር ላይ ብትተነፍሱት የኦክስጅኑ ግፊት 2.5 ባር ይሆናል። ብዙ ሰው የሞተው በዚህ ዓይነት ስህተት ነው። ስለዚህ ጋዝ የሚቀየርበትን ሥርዓት እዘረዝረዋለሁ።

ከቤት እንጀምር። ሲሊንደሩን የሚተነፍሰው ሰው ራሱ በኦክስጅን መለኪያ ይለካል። የሞላው ሰው የነገረኝ ይበቃል ማለት የለም። ተለጣፊ ላይ ይጻፋል፦ የኦክስጅኑ መቶኛ፣ ቀኑ፣ ስሙ። የሚፈቀደው ጥልቀት ደግሞ ሲሊንደሩ ጎን ላይ በትልቁ ይጻፋል፤ ከሩቅ ጓደኛ እንዲያነበው።

ውኃ ውስጥ 21 ሜትር ስትደርሱ ቁሙ። ኮምፒውተሩን አንብቡ፣ ጥልቀቱ ልክ ነው? ሲሊንደሩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፣ ለጓደኛችሁም አሳዩት። እሱ ጥልቀቱንና ጽሑፉን አስተያይቶ እሺ ይበላችሁ። ቫልቩን ክፈቱ። የሬጉሌተሩን ጎማ ከአፉ እስከ ሲሊንደሩ ድረስ በእጃችሁ ተከተሉት፤ የትኛው ሲሊንደር ላይ እንደተሰካ በእጅ ይረጋገጣል። ከዚያ ብቻ ወደ አፍ። ጓደኛችሁ እናንተን እያየ ይቆይ፤ የእሱ ተራ ሲሆን እናንተ ታያላችሁ። በመጨረሻ ኮምፒውተሩ ላይ ጋዙን ቀይሩ። ይህን ሥርዓት ጣና ላይ በተራ አየር፣ ያው አየር በተሞላ ሁለተኛ ሲሊንደር ልትለማመዱት ትችላላችሁ። ጋዙ አየር ይሁን እንጂ እጁና ዓይኑ ያው ነው።

ደረጃ 6፦ ኮርስና አስተማሪ

ኮርሱን የምትወስዱት ባሕር ላይ ነው። የግብፅ ቀይ ባሕር፣ በተለይ ዳሃብና አካባቢው፣ ቴክኒካል የሚያስተምሩ ማዕከላት ያሉበት ነው። መጀመሪያ የናይትሮክስ ፈቃድ ያስፈልጋችኋል። ከዚያ መግቢያው። ከዳይቪንግ አሠልጣኝ ድርጅቶች ቲዲአይ «ኢንትሮ ቱ ቴክ» አለው፣ ጂዩኢ «ፈንዳመንታልስ» አለው። ሁለቱም ከጥልቀት ይልቅ ሚዛንና ሥርዓት ላይ ያተኩራሉ፣ ስለዚህ ከእነሱ ጀምሩ እላለሁ። ፓዲ ደግሞ ቴክ 40 አለው። በቲዲአይ በኩል የምትቀጥሉ ከሆነ የዲኮ ኮርሱ እስከ 45 ሜትር ነው፤ ትራይሚክስ እስከ 60 ሜትር፣ የላቀው ትራይሚክስ እስከ 100 ሜትር።

አስተማሪ ስትመርጡ ዋጋውን ብቻ አትጠይቁ። እሱ ራሱ ሳያስተምር፣ ለራሱ ብሎ ምን ያህል ይጠልቃል? ውኃ ውስጥ በአንድ ጊዜ ስንት ተማሪ ይይዛል? ያልበቃውን ተማሪ ጥሎ ያውቃል? የመጨረሻው ጥያቄ ላይ «ሁሉም ያልፋሉ» የሚል ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

ዳሃብ ስትሄዱ ብሉ ሆል የሚባለውን የባሕር ጉድጓድ ማየታችሁ አይቀርም። ከ50 ሜትር በታች ወደ ክፍት ባሕር የሚያስወጣ ቅስት አለው። ዳር ላይ ያሉት የመታሰቢያ ሰሌዳዎች እዚያ ለሞቱ ጠላቂዎች የቆሙ ናቸው። ከሟቾቹ ብዙዎቹ በአንድ ሲሊንደር፣ በተራ አየር ቅስቱን ሊያልፉ የሞከሩ ናቸው። ደረጃ 2 ላይ የሠራነውን ሂሳብ እዚያ ቁሙና በ55 ሜትር ሥሩት። ግፊቱ 6.5 ባር ነው።

ደረጃ 7፦ ከመግባታችሁ በፊት የሚጻፈው

የዲኮ ፕሮግራሙን ሶፍትዌርና ኮምፒውተር ይሠራዋል። የእናንተ ሥራ «ባይሆንስ?» ማለት ነው። 3 ሜትር ተጨማሪ ብንወርድስ? 5 ደቂቃ ብንዘገይስ? የዲኮ ሲሊንደሩ ባይከፈትስ? ለእነዚህ ሁሉ ተለዋጭ ዕቅድ ተሠርቶ ሰሌዳው ላይ ይጻፋል። የሁሉም ሰው ሰሌዳ አንድ ዓይነት ነው። ዋሻ ለሚገቡ ደግሞ የሦስተኛ እጅ ሕግ አለ፦ ከጋዙ አንድ ሦስተኛው ለመግቢያ፣ አንዱ ለመውጫ፣ አንዱ ለችግር ቀን።

እና ማንም ሰው፣ በማንኛውም ምክንያት፣ ምክንያቱን ሳይናገር «ዛሬ አልገባም» ማለት ይችላል። «ምነው?» ብሎ የሚጨቀጭቅ ቡድን ውስጥ አትግቡ። እኛ ዘንድ ይሉኝታ ብዙ ሰው ያስገባል። እዚህ ላይ ይሉኝታ ይቅር።

ሰውነትም አለ። ውኃ የጎደለው ሰው ዲኮ ይከብደዋል። ሁዳዴን ውኃ ሳትቀምሱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ በእነዚያ ሰዓታት አትጥለቁ፤ ጾሙንም ዳይቪንጉንም በየራሱ ቀን አድርጉት። አረቄና ጠላ ከምትጠልቁበት ቀን በፊት ባለው ማታም አይቅረቡ። ከአራት ሰው አንዱ ገደማ ልቡ ውስጥ ከልደቱ ጀምሮ ያልተዘጋ ትንሽ ቀዳዳ አለው፤ አረፋ በዚያ በኩል ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ የዳይቪንግ ሕክምና የሚያውቅ ሐኪም ጋ ቀርባችሁ ተመካከሩ።

ደረጃ 8፦ ወደ ቤት መመለሻው

ለሌላው ሰው ጉዞው አውሮፕላኑ ሲያርፍ ያልቃል። ለእኛ አያልቅም። የአውሮፕላን ውስጥ ግፊት ቢበዛ ከ2,400 ሜትር ከፍታ ጋር እኩል ነው። ቦሌ 2,300 ሜትር በላይ ነው። ባሕር ወርዳችሁ ቦሌ ስታርፉ ሰውነታችሁ ገና አየር ላይ ነው ያለው ማለት ይቻላል። ከዚያ በመኪና በደብረ ማርቆስና በእንጅባራ በኩል ስትመጡ ከ2,400 ሜትር በላይ የሆነ ብዙ መንገድ አለ።

ያለ ዲኮ አንድ ጊዜ ብቻ ከጠለቃችሁ ቢያንስ 12 ሰዓት ጠብቁ። ብዙ ጊዜ ወይም ለበርካታ ቀን ከጠለቃችሁ 18። ዲኮ ካደረጋችሁ ከ18 በእጅጉ የሚበልጥ ነው የሚመከረው፤ እኔ ለጎጃም ሰው ከ24 ሰዓት በታች አልመክርም፣ 48 ብትሰጡት ደግሞ ደስ ይለኛል። የበረራ ቲኬቱን ስትቆርጡ የመጨረሻውን ቀን ለእረፍት ቁጠሩት። ቤት እንደገባችሁም ጮቄ ተራራ ለመውጣት አትቸኩሉ፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው።

ጣና ላይም ያው ነው። ጠዋት ጠልቃችሁ ከሰዓት ወደ እንጅባራ መንዳት 700 ሜትር ያህል መውጣት ነው። ዕለቱን ባሕር ዳር እደሩ።

የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የቆዳ ማሳከክና መጥቆር፣ መደንዘዝ፣ ማዞር፣ ያልተለመደ ድካም፣ የእግር መዛል ከታየ የዲኮምፕሬሽን ሕመም (አረፋው ያመጣው ጉዳት) ነው ብላችሁ ጀምሩ። «ድካም ነው፣ ብርድ ነው» አትበሉ። ሰውየውን አስተኙት፣ ንጹሕ ኦክስጅን ስጡት፣ ራሱን ካወቀ ውኃ ይጠጣ። ተመልሶ ውኃ ውስጥ አይግባ። ወደ ሆስፒታል ውሰዱት፣ ሐኪሙንም በስንት ሜትር፣ ስንት ደቂቃ፣ በምን ጋዝ እንደጠለቀ በጽሑፍ ስጡት። ይህ ሕመም የሚታከምበት የግፊት ክፍል የት እንዳለ፣ በምን እንደሚኬድና ማን ጋ እንደሚደወል ማጣራት ያለባችሁ ውኃ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ነው። ቁጥሩ ስልካችሁ ውስጥ ብቻ ሳይሆን የኦክስጅን ሳጥኑ ክዳን ላይም ይጻፍ። ጀልባው ላይ ለቀረው ልጅም ንገሩት፤ ስልክ የሚደውለው እሱ ነው።